ኢትዮጵያ የተባለ ድንጋይ

ያረጋል የጥጥ ጆንያ በጫንቃው ተሸክሞ፣ መተማን ከገላባት የሚለየውን ደረቅ ቦይ እያለከለከ ወረደ። ከፊቱ ነጋዴው አብዱልሀኪም በበቅሎ ተቀምጦ ይሄዳል። የኅዳር ፀሐይ ገና በጧቱ አናት ትበሳለች፤ ከወዲህ የጣሊያን፣ ከወዲያ የእንግሊዝ ባንዲራ ነፋስ አጥተው ተንጠልጥለዋል። ቦዩ አፋፍ ላይ የቆመው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ሐበሻ ወታደር፣ ጆንያውን በሳንጃው ወጋ ወጋ አደረገና በአገጩ ወደ ያረጋል ጠቆመ።

«ይህስ ማነው?»

«ሸካሚዬ ነው። አትድከም፤ ጆሮው አይሰማም» አለ አብዱልሀኪም፣ ከበቅሎው ሳይወርድ አንድ ፓኮ ሲጋራ እየወረወረለት።

ያረጋል አፉን ከፍቶ እንደ ደንቆሮ ቆመ። ማስመሰሉ አልከበደውም። ሚስቱ መስከረም ጡት የምትጠባ ልጃቸውን እንዳዘለች ተይዛ በመተማው ምሽግ ከታሰረች ወዲህ፣ ሰው ሲያናግረው ቃሉ ጆሮው ደርሶ ሆዱ ሳይገባ ይቀር ነበር። አስካሪው ሲጋራውን ኪሱ ከተተና እለፉ አላቸው።

ጣሊያን መተማን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ያረጋልም ከግራዝማች ገብረማርያም ጋር ከሸፈተ ያንኑ ያህል ይሆነዋል። በሽንፋ መንገድ ካለው ጫካ እየወጡ የስልክ ሽቦ ሲቆርጡ፣ ካሚዮን ሲያቃጥሉ ከነበሩት ሰዎች ገሚሱን ጥይት፣ ገሚሱን ንዳድ ጨርሶታል። የተረፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ለእነሱ ደግሞ ጣሊያን ጥይት ማባከን አላስፈለገውም። ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ከየመንደሩ ለቅሞ ምሽጉ ውስጥ አጎራቸውና በገበያ ቀን አዋጅ አስነገረ። ግራዝማች ገብረማርያም እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ነጭ ጨርቅ ይዞ ከገባ ይማራል፤ እስረኞቹም ይፈታሉ። እምቢ ካለ ግን እስረኞቹ በካሚዮን ተጭነው በማይመለሱበት መንገድ ይሄዳሉ።

አዋጁ ሲነገራቸው ግራዝማቹ አልተቆጡም። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን በማይጨው ጦርነት አጥተው የሸበቱ ሰው ናቸው፤ ምሽጉ ውስጥ የሚያሳሳቸው የሥጋ ዘመድ አልነበራቸውም። ያረጋልን ጠሩት።

«ገላባት ውረድ» አሉት። «እንግሊዝ ዘንድ የዓለሙ ወሬ ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ዛሬም ኢትዮጵያ የምትባል አገር አለች የሚል መንግሥት አለ ወይ? ካለ አገር አለችኝና አልገባም፤ የታሰሩትም እግዜር ፊት ይክሰሱኝ። ከሌለ ግን፣ በሌለች አገር ስም የሰው ሚስትና ልጅ አላስፈጅም። የሰማኸውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትነግረኝ ማልልኝ።»

ያረጋል በአንገታቸው ያለውን መስቀል ይዞ ማለ። እንግዲህ ቦዩን የተሻገረው ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ነው፤ መልሱ ምን እንዲሆን እንደሚመኝ ግን ለራሱም መናገር ያፍር ነበር።

አብዱልሀኪም ገላባት ላይ አንዲት የጭቃ ሱቅ አለችው። ከሱቋ ኋላ ባለው ዳስ ሥር የጉምሩኩ ጸሐፊ፣ ሁሉም አፈንዲ እያለ የሚጠራው ሱዳናዊ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሻይ ይጠጣል። ካርቱም የተማረ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ዐማርኛውን ከመተማ ነጋዴዎች የለቀመ ሰው ነው። አብዱልሀኪም የመጡበትን ጉዳይ በዐረብኛ ሲያጫውተው አፈንዲው የያረጋልን ፊት አየና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ከላስ፤ አልቋል» አለው። «እንግሊዝ ሰሞኑን ሮማ ላይ ፈርሟል። አገሩ የጣሊያን ነው፣ ሌላ ንጉሥ አናውቅም ብሏል። ፈረንሳይም ተከትሎታል።»

«ያልፈረመ የለም?»

«እኔ የማውቀው ሁሉ ፈርሟል።»

ያረጋል ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው! አገርህ ሞተች ሲሉት መስከረም ልጇን አቅፋ ከምሽጉ በር ስትወጣ ታየችው። ወዲያው በራሱ አፈረና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አፈንዲው የሚያለቅስ መሰለው። ደግ ሰው ነበርና ዝም ብሎ ሊሸኘው አልሆነለትም፤ ከቦርሳው ጠርዙ የተበላ የእንግሊዝኛ መጽሔት አወጣ።

«ስሟ እንኳ ፈጽሞ አልጠፋም» አለ ገጹን እየፈለገ። «ይኸውልህ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ በሚባል ከተማ፣ ሰማይ ሲመረምሩ የሚያድሩ ሊቃውንት አሉ። ካቻምና ሐምሌ አንድ አዲስ ኮከብ አገኙ። ስሙንም ኢትዮጵያ አሉት።»

ያረጋል፣ ያልጠየቅሁህን ምነው ነገርከኝ፣ ሊል ቃጣው። አሁን ይህንንም ለግራዝማቹ ሊናገር ነው፤ መሐላ አለበት። ግራዝማቹ ደግሞ ምን እንደሚሉ ያውቃል፤ አገሬ በሰማይ አለችልኝ ብለው ጫካቸው ይቀራሉ፣ መስከረምም በካሚዮን ትጫናለች። ስለዚህ የነገሩን ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር።

«በዐይን ይታያል?»

«አይታይም። እነሱም ያገኙት በመስተዋት ላይ ፎቶግራፍ አንሥተው ነው። መስተዋቱን ለሰማዩ ከፍተው ብዙ ያቆዩታል። ኮከብ ሁሉ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ግን በመካከላቸው ይሄዳልና ጭረት ሆኖ ወጣ። በዚያ ለዩት።»

«ኮከብ ከሆነ ታዲያ እንዴት አይታይም? እሳት አይደለም ወይ?»

አፈንዲው ፈገግ አለ። «እውነቱን ከፈለግህ ኮከብም አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ማርስና ጁፒተር የሚባሉ ሁለት ዓለማት አሉ፤ በእነሱ መካከል እንዲህ ያለ ድንጋይ መዓት ነው፣ ሁሉም ፀሐይን ይዞራል። የተመዘገበው እንኳ ከሺህ ይበልጣል። የራሱ ብርሃን የለውም። ግዙፍም አይደለም፤ ማልዶ የተነሣ መንገደኛ እስኪመሽ ዞሮት የሚገባ ጋራ ቢያክል ነው።»

«እንግዲህ እዚያው ጠፍቶ ይቀራል በለኛ።»

«አይጠፋም። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሲሆነው ዞሮ የነበረበት ይመለሳል።»

«ለምን በኛ ስም ጠሩት?»

«እሱን አልጻፈም» አለ አፈንዲው መጽሔቱን እያጠፈ።

አብዱልሀኪም ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ፣ ይህ ሁሉ መንግሥት ሲክዳችሁ የቆመላችሁ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው?» አለ። ሊያሾፍ ብሎ ጀምሮት መጨረሻው ላይ ድምፁ ሰለለ። ለያረጋል በመንገድ የሚበላውን ተምር በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠውና መንገዱ ጭር ሳይል እንዲመለስ መከረው።

ያረጋል መንገዱን ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሄደ። የሰሊጡ ማሳ ታጭዶ ነዶው ቆሟል፤ ሣሩ ደርቆ ከቁመት በላይ ነው። ኮከቡን ጨርሶ ቢያስቀረው የሚያውቅበት ሰው የለም። ነገር ግን በመስቀል የማለ ሰው ነው፤ ሐሰት ተናግሮ በሚያመጣት ሚስትና ልጅ ላይ መቅሠፍት እንዳይወርድ ፈራ። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ቆረጠ፦ ሁሉንም ይናገራል፤ አነጋገሩ ግን የራሱ ነው። ኮከብነቱን አሳንሶ ድንጋይነቱን ያጎላዋል። መመለሱን ብቻ ይተወዋል። መመለስ የሚባል ቃል ከሰሙ ግራዝማቹ አይገቡም።

ሰፈራቸው ከሽንፋ ወንዝ ራቅ ብሎ ካለ የኩመር ዛፍ ሥር ነበር። ሁለት ሰዎች ንዳድ ይዟቸው በቀትር ብርድ ብርድ እያላቸው ተጠቅልለው ተኝተዋል። አዛናው የሚባለው ጎልማሳ፣ ከሁሉም ኃይለኛው፣ ጠመንጃውን በሰሊጥ ዘይት ይወለውላል። ወንድሙን ጣሊያን የሰቀለበት ሰው ነውና ስለ መግባት ሲወራ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ግራዝማቹ የዛፉን ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ተናገር» አሉት፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ።

«እንግሊዝ ፈርሟል፣ ጌታዬ። ፈረንሳይም ፈርሟል። ሰውየው የሚያውቀው መንግሥት ሁሉ ኢትዮጵያ የለችም ብሏል።»

ከታመሙት አንዱ ፊቱን ወደ መሬት አዞረ። «አበቃ?» አሉ ግራዝማቹ።

ያረጋል መለሰ፦ «አንድ ነገር ቀርቷል፤ የሚረባ አይደለም።»

«የሚረባውን ከማይረባው እኔ እለየዋለሁ።»

ነገራቸው። ጆሃንስበርግን፣ መስተዋቱን፣ ጭረቱን፣ ስሙን። ገና ስሙን ሲጠራ አዛናው ጠመንጃውን ጥሎ ተነሣ።

«ይኸው!» አለ። «ሰው ሁሉ ቢክዳት ሰማይ አልካዳትም! ምን ሌላ ምልክት ትሻላችሁ? እግዜር በእጁ ጽፏታል እኮ!»

«ድንጋይ ነው አልኩህ አዛናው!» ያረጋል ድምፁ ከፍ ሲል እሱንም አስደነገጠው። «ኮከብ አይደለም። ብርሃን የለው፣ በዐይን አይታይ፣ ከሺህ ድንጋይ አንዱ ነው። ጭንጫ! ስም ያወጡለትም ሰዎች ጠመንጃ የላቸው፣ ጦር የላቸው። ድንጋይ ቢጠሩባት አገር ትሆናለች?»

አዛናው አፈጠጠበት። «ለማን ነው የምትሟገት አንተ?»

ለማን እንደሚሟገት ሁሉም ያውቃል፤ የብዙዎቹም ሚስት እዚያው ምሽግ ውስጥ ናትና የወቀሰው አልነበረም። ያረጋል ግን ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ድንጋይ ነው ያልከው?» አሉ ግራዝማቹ።

«አዎን፣ ጌታዬ። ድንጋይ።»

ግራዝማቹ ቀና ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የታየውን ያረጋል እስኪሞት አልረሳውም፤ ተስፋ ቆርጦ ያረፈ ሰው ፊት ነበር።

«በአባቶቻችን ሕግ» አሉ፣ «የሸፈተ ሰው ሲገባ ምን ተሸክሞ ነበር የሚገባው?»

የማያውቀው አልነበረም። ከጌታው የተጣላ ሰው ለመታረቅ ሲመጣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። ጌታው «ምሬሃለሁ፣ አውርድ» እስኪለው ድረስ ድንጋዩን አያወርድም። ካወረደ ልመናው ፈረሰ። ድንጋይ የተሸከመን ሰው ደግሞ የገደለ ጌታ ስሙ በክፉ ሲነሣ ይኖራል።

«እግዜር መልሱን ላከልኝ» አሉ ግራዝማቹ። «መንግሥት የለም፤ ድንጋይ አለ። አገሬ ድንጋይ ከሆነች እሷኑ ተሸክሜ እገባለሁ። ነገ ገበያ ነው።»

ያረጋል የፈለገውን አገኘ። ድንጋዩ ግን አስፈራው። «ጌታዬ፣ አዋጁ ነጭ ጨርቅ ነው ያለው» አለ።

«ነጭ ጨርቅ ሬሳ ይገነዝበታል። እኔ በራሴ ሕግ እገባለሁ።»

«ጣሊያን ይህን ሕግ አያውቅ እኮ፣ ጌታዬ።»

«በሩን የሚጠብቁት አስካሪዎች ሐበሾች ናቸው። በማጅራቱ ድንጋይ ያለ ሰው ምን እንደሚለምን የማያውቅ ሐበሻ የት አለ?»

አዛናው መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «አንቱ ይግቡ፤ እኔ ግን ወደ አርማጭሆ እወጣለሁ» አለ እንባው እየወረደ። ግራዝማቹ ግንባሩን ሳሙትና አልከለከሉትም። ሁለት ሰዎች ተከተሉት፤ የቀሩት በሽታ የያዛቸው ነበሩ።

ጎሕ ሲቀድ ያረጋልና ግራዝማቹ ብቻቸውን ወደ መተማ ወረዱ። ግራዝማቹ የተበጣጠሰውን በርኖሳቸውን ደርበዋል፤ ያረጋል ውጅግራ ጠመንጃቸውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ይዟል። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ያልፋቸዋል፤ ያወቃቸው ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ አንገቱን እየሰበረ ያልፋል።

«ያ ድንጋይ» አሉ ግራዝማቹ ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «መጨረሻው ምንድን ነው? ሲዞር ሲዞር ጠፍቶ ነው የሚቀረው?»

ያረጋል ቆመ። ሌሊቱን ያቺ ያስቀራት ቃል ስትበላው አድራለች። ጠመንጃውን መንገድ ዳር አስቀምጦ ተንበረከከ።

«አይጠፋም፣ ጌታዬ። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሲሆነው ዞሮ ከቦታው ይመለሳል አለኝ። አውቄ አስቀረሁት። መሐላዬን በላሁ።»

«ከተገኘ ጀምሮ ነው?»

«ከካቻምና ሐምሌ ጀምሮ።»

ግራዝማቹ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። «የሠላሳ ሦስት መጋቢት ላይ መሆኑ ነው» አሉ። ወደ ምሥራቅ፣ ፀሐይዋ ወደምትወጣበት ወደ ደጋው ጥቂት አዩ። «ሩቅ ነው፣ ልጄ። ምሽጉ ውስጥ ያለች ሕፃን እስከዚያ አትቆይም። ትናንት ብትነግረኝም ዛሬ እዚሁ መንገድ ላይ ነበርኩ። የኔን አገር ሞት ተመኝተህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሚስትህን ወደድክ እንጂ ሌላ ምን አጠፋህ? ተነሥ፤ ገበያው ሳይበተን እንድረስ።»

ይቅር መባሉ ለያረጋል አልቀለለውም። ቢሰድቡት፣ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ከተማው አፋፍ ሲደርሱ ድንጋይ እንዲመርጥላቸው አዘዙት። ያረጋል አዝኖላቸው አነስ ያለች አነሣ። ግራዝማቹ አይተው ሳቁ። «ይቺ የምን ድንጋይ ናት? ላሾፍባቸው መሰለህ እንዴ የምገባው?» አሉ። ራሳቸው ጥቁር፣ የእህል ወፍጮ መጅ ሁለቱን የሚያክል ድንጋይ በእግራቸው ነኩ። ያረጋል አንሥቶ በማጅራታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ሽማግሌው ተንገዳገዱ፤ ከዚያም በሁለት እጃቸው ደገፉትና አንገታቸውን ደፍተው ወደ ምሽጉ በር ቀጥ ብለው ሄዱ። ያረጋል ከኋላቸው ራቅ ብሎ ተከተለ።

ገበያው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ማሽላ የምትሰፍረው ቁናዋን እንደያዘች ቀረች። ወንዶች ከተቀመጡበት ተነሡ፤ የእስላም ነጋዴዎችም ከሱቃቸው ደጃፍ ወጥተው ቆሙ። «ማሩት በሉት! ማሩት!» እያለች አንዲት አሮጊት ወደ ምሽጉ ጮኸች። ለሁሉም ነገሩ ግልጽ ነበር። ግልጽ ያልሆነው በር ላይ ለቆሙት ብቻ ነው።

በር ላይ የቆሙት አስካሪዎች አልነበሩም። በዚያው ሳምንት ከአስካሪዎቹ ጥቂቶች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ሱዳን ጠፍተው ኖሮ፣ የምሽጉ አዛዥ ሐበሻ ሁሉ ከበር እንዲነሣ አድርጎ ቅርብ ጊዜ ከአገሩ የመጡ ነጭ ወታደሮች፣ ሶላቶዎች፣ አቁሟል። ያረጋል ይህን ያየው በርኖስ የለበሱት ሽማግሌ አሸዋ በተሞላ ጆንያ ከተሠራው ምሽግ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ነው። አንዱ ልጅ እግር ሶላቶ ፊቱ ቀልቶ ይጮሃል። በእጁ ወደ መሬት፣ ወደ መሬት ያመለክታል። ያረጋል ቋንቋውን ባያውቅም ነገሩ ገባው።

«አውርድ ነው የሚሉት ጌታዬ! ያውርዱት! ይጣሉት!»

ግራዝማቹ ቀና ሳይሉ፣ «ምሬሃለሁ ብሎኛል?» አሉ።

«አይደለም፣ ፈርቶ ነው! አላወቀም! ስለ እግዚአብሔር ይጣሉት!»

«ሳይምረኝማ እንዴት አወርዳለሁ፣ ያረጋል? የሰው ልጆች እኮ ነው የማስፈታው» አሉና አንድ እርምጃ ተራመዱ። ሌላም ጨመሩ።

ተኩሱ አጭር ነበር። ግራዝማቹ በጉልበታቸው ወደቁ፣ ከዚያም በግንባራቸው። ድንጋዩ ከማጅራታቸው ተንከባሎ ደረቅ መሬት ላይ ቆመ። ገበያው እየጮኸ ተበታተነ። ያረጋል ጠመንጃውን ጥሎ ሮጦ ደረሰ፤ ሽማግሌው ግን ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ከምሽጉ ውስጥ አስተርጓሚው ወጣ። ሰጠኝ የሚባል የጎንደር ሰው ነው። ሬሳውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ እጁን በአፉ ላይ ጫነ። «ወይኔ!» አለ። «ቦምብ መስሏቸው ነው! ቦምብ መስሏቸው!»

«ገብተዋል!» አለ ያረጋል። «ሕዝብ ያየው ነው፤ ግራዝማች ገብተዋል። እስረኞቹን ፍቱልን።»

ሰጠኝ ወደ ውስጥ ሮጠ። ተመልሶ ሲመጣ የያረጋልን ዐይን ማየት አልቻለም። «አዛዡ ለጎንደር በስልክ ተናግሯል» አለ ቀስ ብሎ። «ምሽጉን ሊያጠቃ የመጣ ሽፍታ ተገደለ ብሎ ነው የተናገረው። አዋጁ ለገባ ሰው ነው፤ እጁን የሰጠ ሰው የለም፣ አለኝ።»

ያረጋል ወደ ድንጋዩ ሄዶ አነሣው። ደም ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጎ በማጅራቱ ላይ ጫነና በሩ ፊት ተንበረከከ።

«እኔ ልግባ» አለ። «እኔም ሽፍታ ነኝ። እጄን ሰጠሁ። ስለ ሚስቴና ስለ ልጄ፣ ስለ ሁሉም።»

ሰጠኝ ለሶላቶዎቹ በቋንቋቸው እየጮኸ እጁን ዘርግቶ በመካከል ቆመ። ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ በያረጋል ጆሮ አጎንብሶ፣ «እንደዚሁ ቆይልኝ» አለው። «ምን ማለት እንደሆነ ለአዛዡ ላስረዳው። እስክመጣ አታውርድ፣ ቀናም አትበል። ነቅነቅ ካልክ ይተኩሳሉ።»

ያረጋል ቆየ። ድንጋዩ አንገቱን ወደ መሬት ገፋው፤ የሚታየው አፈርና የገዛ እጁ ጥላ ብቻ ነው። አሁን ያስረዳዋል፣ አለ በልቡ። አሁን ይገባዋል። የገባው ጌታ ሁሉ ይምራል።

የሞተር ድምፅ ተነሣ። የምሽጉ በር ተከፈተና ጎማ በአጠገቡ ሲያልፍ አየ፤ ከጎማው በላይ የሴቶች ዋይታ ነበር። ያረጋል ሌላ ካሚዮን ነው፣ እህል ነው፣ ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ። ያኔ ነው ስሙን የሰማው።

«ያረጋል! ያረጋል፣ ቀና በል! እኔ ነኝ!»

የመስከረም ድምፅ ነው። ቀና ቢል ልመናው ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ የሚያስቆማቸው የለም። ቀና ካላለ ደግሞ ፊቷን አያይም። ሰጠኝ ውስጥ ሆኖ እያስረዳው ነው፤ አንድ ቃል ከዚያ ቢወጣ ካሚዮኑ ይቆማል። «ትንሽ ታገሺ፣ መስከረም!» አለ ወደ አፈሩ። «ሊምረን ነው! ትንሽ ታገሺ!» በሞተሩ ጩኸት መካከል ትስማው አትስማው አላወቀም። ስሙን ደግማ ጠራች፤ ሁለተኛው ከርቀት ነበር። ካሚዮኑ በጎንደር መንገድ ዞረ፤ አቧራው ቀስ እያለ በጀርባው ላይ አረፈ።

ሰጠኝ እየሮጠ ወጣ፤ ሩጫው ደስታ ነበረበት። «ገባው!» አለ እያለከለከ። «አስረዳሁት፣ ገባው! ምሮሃል ያረጋል። ምሬሃለሁ፣ አውርድ በለው ብሎኛል!»

ሰጠኝ ቀና ብሎ መንገዱን ያየው ይህን ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። አቧራውን አየ፤ ክፍቱን በር አየ። ቀርቦ ድንጋዩን ከያረጋል ማጅራት ሊያነሣለት ሞከረ።

ያረጋል በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘው።